በፖፕ ዘፈን ግጥምና ክሊፕ እንዴት እንደሚቀለድ

በዘፈን መቀለድ ቀላል ይመስላል። ግን ድምፅን አጉልቶ፣ ፊትን አጣሞ መዝፈን ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ አያስቅም። የሚያስቀው ዘፈኑን ከልቡ የሚያውቅ ሰው የሚሠራው ፉገራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትወዱትን ዘፈን ምረጡ። ይህ ሥራ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ያሰማል፣ የምትጠሉትን ደግሞ ሃምሳ ጊዜ መስማት አትችሉም። ብዙ ሰው የሚያውቀውም ይሁን። ዋናውን ያልሰማ ሰው ቀልዱ አይገባውም።

ቀጥሎ ግጥሙን በእጃችሁ ጻፉትና ያለ ዜማ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ልክ እንደ ደብዳቤ። ዜማው ሸፍኖት የነበረው ሁሉ ያኔ ይወጣል። «ካላየሁሽ እሞታለሁ» ያለው ዘፋኝ አራተኛው ደቂቃ ላይም አልሞተም። «ረስቼሻለሁ» የሚለው በየአዝማቹ ስሟን ይጠራል። «ብቻዬን ቀረሁ» ሲል ከኋላው ሠላሳ ተወዛዋዥ አለ። እነዚህን ቦታዎች አስምሩባቸው። ቀልዱ የሚነሳው ከእነሱ ነው።

አሁን ርዕስ ፈልጉ። ከሁሉም የሚሠራልኝ መንገድ የዘፈኑን ትልቅ ስሜት እንዳለ ይዞ ለትንሽ ነገር መስጠት ነው። አሜሪካዊው ቀልደኛ ዘፋኝ ዊርድ አል ያንኮቪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ያደረገው ይህንኑ ነው። የማይክል ጃክሰን «ቢት ኢት» ከጠብ ዞር በል ይላል። ያንኮቪክ «ኢት ኢት» (ብላው) አለውና አልበላም ባይን ሰው የሚቆጣ ዘፈን አደረገው። በርዕሱ ላይ የተለወጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ቁጣው ግን እንዳለ ነው።

ከዚያ ወደ ስንኙ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ አንድ ምሳሌ ልሥራ። አንድ የፍቅር ዘፈን እንዲህ ይላል እንበል፦

ካንቺ ወዲያ ፀሐይ፣ ካንቺ ወዲያ ዓለም
ካላየሁሽ ዛሬ፣ ለኔ ነገ የለም

ቀለሙን፣ ማለትም ሲነገር የሚሰማውን ክፍለ ቃል፣ በጣታችሁ ቁጠሩ። በየግማሽ ስንኙ ስድስት፣ ስድስት። ቤቱ የሚመታው «ለም» ላይ ነው። አሁን ፍቅረኛዋን አንስተን የስልክ ቻርጀር እናስገባ፦

ካንቺ ወዲያ ቻርጀር፣ ካንቺ ወዲያ ገመድ
ካልሰካሁሽ ዛሬ፣ ስልኬ ሆነ አመድ

ልኩ አልተነካም። «ካንቺ ወዲያ» እንዳለ ቆሟል። «ካላየሁሽ» «ካልሰካሁሽ» ሆነ፣ አራት ቀለም በአራት ቀለም፣ መጨረሻውም ያው «ሁሽ»። ሰሚው ሁለቱን ዘፈን አንድ ላይ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀለም ብትጨምሩ ዘፋኙ ሊሮጥ ይገደዳል፣ ሰሚው ደግሞ ቀልዱን ትቶ ጥድፊያውን ይሰማል። ጠንካራውን ቃል ሁልጊዜ ስንኙ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት። «አመድ» መሀል ላይ ቢመጣ ኖሮ ሳቁ ግማሽ ይሆን ነበር።

አዝማቹ ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳል። በየዙሩ አንድ ቃል ቀይሩና ነገሩን አባብሱት። መጀመሪያ ሃያ ፐርሰንት ቀረ፣ ቀጥሎ አምስት፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ጨለመ።

ክሊፑን ለማዘጋጀት ዋናውን ክሊፕ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ። በየአሥር ሴኮንዱ እያቆማችሁ የምታዩትን ብቻ ጻፉ። የሚገርም ዝርዝር ይወጣችኋል። ገመድ ያልተሰካበት ኤሌክትሪክ ጊታር በረሃ መሀል ይመታል። መኪና የሚነዳው ሰው መንገዱን ትቶ ካሜራውን ያያል። ዝናብ እየወረደ የዘፋኟ ፀጉር በነፋስ ይበራል፣ ግን አንድ ጠብታ አልነካትም። ይህ ዝርዝር ራሱ ግጥም ሊሆን ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደስቲን ማክሊን የሚባል ሰው የኖርዌዩን የአሃ ባንድ የ1985 እ.ኤ.አ. «ቴክ ኦን ሚ» ክሊፕ ወስዶ ቃሉን ሁሉ በስክሪኑ ላይ በሚታየው ነገር ተካው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ተከተለው።

ስትቀርጹ የዋናውን ካሜራ አቀማመጥ በትክክል ቅዱ። ከታች ወደ ላይ ከተቀረጸ እናንተም እንዲሁ። ስልክ ይበቃል። ተዋንያኑ ግን አይሳቁ፤ የቻርጀሩን ዘፈን እንባ እየተናነቀው የሚዘፍን ሰው ነው የሚያስቀው።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር ልበል። ግጥሙ፣ ልብሱ፣ የክሊፑ ግነት ሁሉ ይቀለድበት። የዘፋኙ መልክ፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ችግር ግን አይነካ። የሮክ ባንዱ ኒርቫና በገነነ ጊዜ ያንኮቪክ ለዘፋኙ ለከርት ኮቤይን ደውሎ በዘፈናቸው ለመቀለድ ፈቃድ ጠየቀ። ቀልዱ ግጥማችሁ አይሰማም የሚል ነበር። ኮቤይን ፈቀደ፣ ቀልዱም በ1992 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጃክሰንም ያንኮቪክ በሌላ ዘፈኑ ለሠራው ፓሮዲ (የፉገራ ዘፈን) ራሱ የተጠቀመበትን፣ ለቀረጻ የተሠራውን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሰጥቶታል። አክብሮት ያለበት ቀልድ እንዲህ በር ያስከፍታል።

በሕግ በኩል ጉዳዩ እንደየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ለንግድ የተሠራ ፓሮዲም ሊፈቀድ እንደሚችል ወስኗል። ያ ማለት ግን የተቀዳውን ሙዚቃ እንዳለ መውሰድ ይቻላል ማለት አይደለም። ሙዚቃውን ራሳችሁ ተጫወቱት። ኮንተንት አይዲ የሚባለው የዩቲዩብ ቅጂ መለያ ሥርዓት ዋናውን ቅጂ ለይቶ ሊያግድባችሁ ይችላል።

ሲያልቅ ዋናውን ዘፈን በቃሉ ለሚያውቅ አንድ ሰው አሳዩት። ምንም አታብራሩለት። ስክሪኑን ሳይሆን ፊቱን እዩ። የሳቀበትን ሴኮንድ ጻፉ፣ ዝም ያለበትንም። ሃያ ሴኮንድ ሙሉ ዝም ካለ ያንን ቦታ ቁረጡት፣ የቱንም ያህል ብትወዱት።