ባቄላ በሃይላንድ፦ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጆች ሳይንስን በተግባር ማስተማር

ትንንሽ ልጆችን ሳይንስ በእጃቸው ለማስጀመር ባቄላ ማብቀልን የሚያህል ሥራ አላውቅም። ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ብዙዎቹም በቆልት በልተው፣ ለጠላ ብቅል ሲዘጋጅ አይተው ነው የሚመጡት።

ደረቅ ባቄላ ከገበያ ግዙ። ክክና ቆሎ አይበቅሉም፤ ነቀዝ የበላውንም ልቀሙ። በመድኃኒት የታሸ ዘር ወደ ክፍል ፈጽሞ አይግባ፤ በዚህ ዕድሜ እጅ ሁልጊዜ ወደ አፍ ይሄዳል። ለየቡድኑ አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ አሮጌ የጥጥ ጨርቅና አሸዋ አዘጋጁ። በጨርቁ ፋንታ ሶፍት የሚጠቀሙ አሉ፤ ሲርስ ስለሚበጣጠስ አልወደውም።

እሑድ ማታ ዘፍዝፉት። ሰኞ ከተጀመረ ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ሳያልፍ ይታያል፤ ብርድ ባለበት ይዘገያል። የሃይላንዱን አንገት መምህሩ ራሱ ይቁረጥ፤ ስለቱንም በፕላስተር ይሸፍን። ጨርቁን በውስጥ ዙሪያውን አልብሱና መሀሉን አሸዋ ሙሉት። ባቄላውን ልጆቹ ራሳቸው በጨርቁና በፕላስቲኩ መካከል ይሰኩት፤ ከውጭ መታየት አለበት።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ውሃው ላይ ነው። ልጅ ማጠጣት ይወዳል፤ ሁሉም በየእረፍቱ ጠብ ካደረገ ባቄላው ይሰጥማል። ዘር ይተነፍሳል። ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ከሰነበተ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ይሸታል። ስለዚህ ከሥር አንድ ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ በማርከር አስምሩ፤ ውሃው ከመስመሩ አይለፍ፣ ባቄላውም ከመስመሩ በላይ ይሁን። ጨርቁ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። በየቀኑም አንድ የውሃ ኃላፊ ሰይሙ፤ ሌላው አይንካ።

ውሃ አታብዙበት የማለቱ ምክንያት ግን በቃል ብቻ ሲነገር ልጅ ልብ ውስጥ አይገባም። ለክፍሉ በሙሉ ሦስት ተጨማሪ ሃይላንድ አዘጋጁ፦ አንዱ ያልተዘፈዘፈ ባቄላና ደረቅ ጨርቅ፣ ሁለተኛው ባቄላው እስኪሸፈን ውሃ የሞላው፣ ሦስተኛው እንደ ቡድኖቹ ሆኖ በተዘጋ ካርቶን ውስጥ የሚቀመጥ። ከዚያ ከሁሉ በፊት፣ አንድም ነገር ሳይበቅል፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚሆነውን ገምቶ ደብተሩ ላይ ይሣል። እናንተ ሰሌዳው ላይ አትሣሉ፤ ከሣላችሁ ባቄላውን ትተው የእናንተን ሥዕል ይገለብጣሉ። ላጲስም ሰብስቡ። የተሳሳተው ግምት እዚያው ይቆይ፣ ከሥሩ ያዩት ይሣል። ጨለማ ውስጥ ያለው አይበቅልም የሚሉ ብዙ ናቸው። ካርቶኑ ሲከፈት ባቄላው ጎንቁሎ፣ ቀንበጡም ገርጥቶ ያገኙታል። ምግቡን ከየት አመጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለመመለስም አትቸኩሉ። አንድ የተዘፈዘፈ ባቄላ ለሁለት ከፍለው ቢመለከቱ፣ ስንቁ እዚያው ውስጥ እንዳለ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ሥሩ ሲረዝም አንዱን ባቄላ ሥሩ ወደ ላይ እንዲያይ አዙሩት፤ በማግስቱ ጫፉ ወደ ታች መታጠፍ ይጀምራል። ይህን የጠዋት ተረኞች ይከታተሉት። የበሰበሰውን ካሸተቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ቀንበጡ ሲጠነክር ግቢው ውስጥ ትከሉ፤ አጠገቡም የባቄላና የቦሎቄ ዘር ዝሩ። ባቄላ ሁለቱን ክኮች አፈር ውስጥ ትቶ ይወጣል፣ ቦሎቄ ግን ተሸክሟቸው ብቅ ይላል። ልዩነቱን ልጆቹ አይተው እስኪነግሯችሁ ጠብቁ።