ሰርቨሩ ደህና ነው፣ እንግዳው ግን ቆሟል፦ ችግርና መፍትሄ

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች የአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት። «ወንድሜ፣ ዛሬም ሲስተም የለም እንዴ?» አለችኝ። ሰርቨሩ ላይ ገብቼ የማሽኑን ሥራ የሚያሳየውን ቶፕን ከፈትኩ፤ ሲፒዩው (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) 12 በመቶ ላይ ተንፈላሶ ተቀምጧል። «ኧረ ሰርቨሩ ደህና ነው እህቴ» አልኳት። «እሱስ ደህና ይሁን፣ እኔ ፊት ግን ሰባት ሰው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል» ብላ ዘጋችው።

እውነቷን ነው። የምንሠራው የክፍልና የጀልባ ማስያዣ ነው፤ ባሕር ዳር ያሉ ጥቂት ሆቴሎችና ወደ ዘጌ የሚያሻግሩ ጀልባዎች ይጠቀሙበታል። እነሱ ስለ ሲፒዩ ማወቅ የለባቸውም። የሚያውቁት «አስይዝ» የሚለውን ተጭነው ምን ያህል እንደጠበቁ ነው። ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ቃላችሁን በቁጥር ጻፉት። የእኛ እንዲህ ይላል፦ ከ100 ማስያዣ 95ቱ ከ2 ሴኮንድ በታች ያልቃሉ፤ ሲስተሙም ከ30 ቀን ውስጥ 99.5 በመቶውን ይሠራል። ኤስኤልኦ የሚሉት ይኸው ነው። 99.5 ማለት በወር 216 ደቂቃ ቢጠፋ ቃላችን አልፈረሰም ማለት ነው፤ በጀት የምንለው ይህንን ነው። 99.9 ቢሆን 43 ደቂቃ፣ 99.99 ከሆነ ደግሞ 4 ደቂቃ ከምናምን ብቻ። አለቃችን መጀመሪያ 99.99 ይሁን ብለው ነበር። «ጋሼ፣ ከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ አዘምኜ አንዴ ሪስታርት ባደርግ እኮ የወሩ በጀት አለቀ» ስላቸው ተዉት።

ምልክት፦ አማካዩ ያምራል፣ ሰው ግን ያማርራል

አማካይ ይዋሻል። 100 ጥያቄ መጣ እንበል። 90ው በ0.2 ሴኮንድ አለቁ፣ 10ሩ እያንዳንዳቸው 9 ሴኮንድ ፈጁ። አማካዩ 1.08 ሴኮንድ ነው፣ ከ2 በታች፣ ማለፊያ! አሥሩ ሰዎች ግን ስልካቸውን ወርውረዋል። መፍትሄው አማካዩን ትቶ ፒ95ን ማየት ነው። ጥያቄዎቹን በፍጥነታቸው ደርድራችሁ 95ኛው ላይ ያለው ስንት ፈጀ ነው ነገሩ።

ቁጥሩን ጥያቄውን በር ላይ ከሚቀበለው ፕሮግራም፣ ከኤንጂንኤክስ፣ ሎግ (መዝገብ) ታገኙታላችሁ፤ ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሁለት ጊዜዎችን መመዝገብ ትችላላችሁ፦ አንዱ የጥያቄው ጠቅላላ ጊዜ ነው፣ ሌላው ከኋላ ያለው ፕሮግራም የፈጀው ብቻ ነው። ጠቅላላው የደንበኛውን ኔትወርክ ይጨምራል። አንዱ ጀልባ ላይ ሆኖ በአንድ ዘንግ ኔትወርክ ትልልቅ የክፍል ፎቶ ሲያወርድ፣ የእናንተ ሰርቨር ሥራውን በ0.1 ሴኮንድ ጨርሶ እንኳ ሎጉ ላይ 20 ሴኮንድ ሊጻፍ ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ፎቶዎቹን አሳንሱ። ሁለቱም አብረው ካደጉ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፣ ቀጥሉ።

ምልክት፦ ሎዱ ሰማይ ነክቷል፣ ሲፒዩው ግን ሥራ ፈት ነው

ወደ ሰኞው ጉዳይ ልመለስ። ኮራችን (ሲፒዩው ባንድ ጊዜ የሚሠራባቸው እጆች) 4 ነው፣ ሎዱ (የሚሠራውና ተራ የሚጠብቀው ሥራ ብዛት) 14 ይላል። 12 በመቶ ብዬ የተጽናናሁት ሲፒዩው የሠራበትን ብቻ አይቼ ነበር። እዚያው መስመር ላይ ደብሊውኤ የሚለው፣ ሲፒዩው ዲስክ እየጠበቀ ሥራ የፈታበት፣ 61 ይላል፣ እሱን አላየሁትም።

የነዳጅ ማደያ የባጃጅ ሰልፍ አስቡ። የሊኑክስ ሎድ የሚቆጥረው ሲፒዩ የያዘውንና ተራ የሚጠብቀውን ብቻ አይደለም። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲስክ እየጠበቀ ድርቅ ብሎ የቆመውንም ይቆጥራል። ቶፕ ላይ ሁኔታቸው «ዲ» የሚል ፕሮሰሶች (እየሄዱ ያሉ ፕሮግራሞች) በርከት ካሉ ሰልፉ ዲስኩ ደጃፍ ነው፤ ሲፒዩ ብትጨምሩ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ዲስክ የሚለካውን አይኦስታትን በዳሽ ኤክስ ከፍታችሁ አንድ ጥያቄ ዲስኩ ላይ ስንት ሚሊሴኮንድ እንደሚጠብቅ እዩ። ከከርነል 4.20 ወዲህ ደግሞ ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ሥር ፕሬዠር የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። ለሲፒዩ፣ ለሚሞሪና ለዲስክ ለየብቻ፣ ባለፉት 10፣ 60 እና 300 ሴኮንዶች ሥራ ስንት በመቶ ተገትሮ እንደቆየ ይነግራችኋል። «ፉል» የሚለው መስመር ሥራ ያላቸው ሁሉ ባንድ ጊዜ የቆሙበትን ጊዜ ነው የሚያሳየው። የቁርስ ፉል አይደለም፣ ግን እሱም ጠዋት ነው የሚበዛው። በእኔ ቤት ከሎድ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ማን ነው ዲስኩን የያዘው? ዲስኩን ማን እንደሚጠቀም የሚያሳየውን አይኦቶፕን ስከፍተው ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራ) ነው። በጠዋት! ያስያዝኩትም እኔው ነኝ። «ሌሊት 6 ሰዓት ይሁን» ተባብለን ሥራ በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ላይ 6 ጻፍኩ። ክሮን የሀበሻ ሰዓት ከየት ያውቃል? ሰርቨሩ የተከራየነው ስለሆነ ሰዓቱ ዩቲሲ (ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት የሚዘገየው የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፣ የእሱ 6 ለእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ልክ እንግዳ ክፍል ሲለቅና ሌላው ሲገባ፣ የጀልባ ሰልፍም ሲሞቅ።

መፍትሄው አንድ ቁጥር ነበር፦ በ6 ፋንታ 21። የዩቲሲ 21 ለእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። የሰርቨሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ቀይሮ 0 መጻፍም ይቻላል፣ ያኔ ክሮንን ሪስታርት ማድረግ አትርሱ። እኔ ዩቲሲውን ትቼ ከላዩ «ሌሊት 6፣ በእኛ» የሚል ማስታወሻ ጻፍኩ። ባክአፑ በሲስተምዲ፣ ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ የሚነሳ ከሆነ በሴኮንድ ስንት ሜጋባይት እንዲያነብ መገደብም ያዋጣል፤ ሌሊትም የሚያስይዝ ሰው አለ።

ምልክት፦ ሚሞሪ አለቀ

ብዙውን ጊዜ አላለቀም። ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ «ፍሪ» የሚለውን ዓምድ አትዩ፣ «አቬይለብል» የሚለውን እዩ። ሊኑክስ ባዶ ራም አይወድም፣ የተነበበ ፋይል ያስቀምጥበታል፤ ሲፈለግ ይለቃል። የምር አልቋል የሚባለው ቪኤምስታት የሚባለው ትእዛዝ ላይ ኤስአይና ኤስኦ (ከዲስክ ወደ ራም የሚገባውና ወደ ዲስክ የሚወጣው) ሳያቋርጡ ሲንቀሳቀሱ፣ ወይም የከርነሉ መዝገብ ዲሜሴጅ ላይ ከርነሉ ፕሮሰስ ገደልኩ ብሎ ሲጽፍ ነው። የተገደለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ ነው፣ ትልቁ እሱ ነዋ።

ምልክት፦ ዲስክ ሞላ ይላል፣ ቦታ ግን አለ

የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን ዲኤፍን በዳሽ አይ ስጡት። ትናንሽ ፋይሎች እንደ እምቦጭ ተራብተው አይኖዱን (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ አንድ የሚያዘውን መዝገብ) ጨርሰውት ይሆናል፤ የእኛ የሴሽን፣ ማለትም የገባ ተጠቃሚን የሚያስታውሱ፣ ፋይሎች ነበሩ። በተቃራኒው ሎግ አጥፍታችሁ ቦታው ካልተመለሰ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም ገና አልለቀቀውም። የተከፈቱ ፋይሎችን በሚዘረዝረው ኤልኤስኦኤፍ ፈልጋችሁ እሱን ብቻ ሪሎድ አድርጉ።

ምልክት፦ ሁሉም ሥራ ፈት ነው፣ ጥያቄ ግን ይጠብቃል

ይሄ ነው የሚያናድደው። ሲፒዩ ባዶ፣ ዲስክ ባዶ፣ ፒ95 ግን 11 ሴኮንድ። ለጥምቀት ሰሞን ደርሶብናል። ማስያዣውን ከኋላ የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የፒኤችፒ ኤፍፒኤም፣ ሎግ ገደቡ ላይ ደረስኩ እያለ ሲጮህ ማንም አላየውም። ስንጭነው የመጣው የሠራተኛ ፕሮሰስ ገደብ 5 ነበር፣ ያንን ያልነካን ሰነፎች እኛ ነን። አምስቱ ክፍያ ማረጋገጫ ከውጭ ሲጠብቁ ስድስተኛው እንግዳ በር ላይ ይቆማል።

ዝም ብላችሁ 200 አትበሉት። ለሥራው የምትለቁትን ራም በአንዱ ፕሮሰስ ራም አካፍሉ፤ እኛ 2000 ሜጋባይትን ለ80 አካፍለን 25 አደረግን። የዳታቤዙ የማይኤስኪውኤል የግንኙነት ገደብም መነሻው 151 ስለሆነ ፕሮሰሶቻችሁ ተደምረው እሱን እንዳያልፉ። የውጭ ክፍያውን ደግሞ ከ5 ሴኮንድ በላይ አትጠብቅ በሉት።

ምልክት፦ በተከራያችሁት ማሽን ላይ ያለ ምክንያት መንቀራፈፍ

ቶፕ ላይ ኤስቲ የሚለውን እዩ። ከፍ ካለ ሲፒዩአችሁን አብዛኛውን ጊዜ ያው ማሽን ላይ ያለ ጎረቤት ተከራይ እየበላው ነው። የጊዜ ማስረጃ ይዛችሁ ለአከራዩ ጻፉ፤ ካልሰማ ማሽን ቀይሩ። ከእናንተ በኩል የሚጠገን ነገር የለም።

ምልክት፦ ማንቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ ወይም ሲፈለግ ይተኛል

ሲፒዩ 80 በመቶ ሲደርስ ንቃ የሚለውን ማንቂያ አጥፉት። ሪፖርት እየሠራ 95 ቢደርስ እንግዳው ካልተጉላላ ምን አገባን። እኛ የምናነቃው በበጀቱ ነው፦ በ1 ሰዓት ውስጥ የወሩ በጀት 2 በመቶ ካለቀ፣ ማለትም ከ216ቱ 4 ደቂቃ ያህል ከተበላ፣ ስልክ ይደውላል። ቀስ እያለ የሚፈስ ከሆነ ለጠዋት ይቆያል።

ሲስተሙ መኖሩን በየጊዜው የሚጠይቀው ፕሮግራም ደግሞ እዚያው ሰርቨር ላይ አይቀመጥ፣ አብሮ ይሞታል። እኛ ቢሮ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ታዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ «ሲስተም የለም» እያለ ሦስት ሌሊት በከንቱ ቀሰቀሰኝ። አሁን ሌላ ከተማ ሁለተኛ አለን። ሁለቱም አልደርስ ሲሉ ብቻ ነው ስልኩ የሚጮኸው።