ስራዎ ለኤጀንሲ ሲሰጥ፦ ከመፈረምዎ በፊት ምን ያደርጋሉ?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሰራ ሰው ወሬውን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሰርቪስ ላይ ነው። "ጥበቃና ጽዳት ለሰራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ሊሰጥ ነው አሉ።" ትንሽ ቆይቶ ወረቀት ይመጣል። "ስራችሁ ያው ነው፣ የሚቀየረው ከፋዩ ብቻ ነው፣ ዛሬውኑ ፈርሙ" ይባላል።

አብሽሩ። ግን ዛሬ አይፈርሙ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ። "በገዛ ፈቃዴ ስራዬን ለቅቄያለሁ፣ ከድርጅቱ የምጠይቀው የለም" የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ እጅዎን ይሰብስቡ። ዋናው ወጥመድ ይሄ ነው። በራስዎ ፈቃድ ለቀቁ ከተባለ የማስጠንቀቂያ ጊዜም ሆነ ወደ ስራ የመመለስ ጥያቄ የለም። አገልግሎትዎ 5 ዓመት ካልሞላ የስራ ስንብት ክፍያውም አብሮ ይሄዳል። ኮፒ ይጠይቁ። ከከለከሉዎት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ቀጥሎ የተላለፈው ምን እንደሆነ ይለዩ። በአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት ድርጅት ሲሸጥ፣ ከሌላ ሲዋሃድ ወይም ሲከፈል የስራ ውል አይቋረጥም። ባለቤት ተቀየረ ማለት ዓመትዎ ከዜሮ ይጀምራል ማለት አይደለም። ፋብሪካው እዚያው ባለቤት እጅ ቀርቶ ስራው ብቻ ለኤጀንሲ ሲሰጥ ግን ነገሩ ያከራክራል። ስለዚህ ከሁለት አንዱን በጽሁፍ ይጠይቁ፦ ወይ የቀድሞ አገልግሎትዎ እንደሚቆጠር ድርጅቱ፣ ኤጀንሲውና እርስዎ ትፈራረማላችሁ፣ ወይ ድርጅቱ ራሱ በሕጉ መሰረት ከፍሎ ያሰናብትዎታል። "ኋላ እናስተካክላለን" የሚባለው ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ አይገኝም።

የስንብት ክፍያውን ሂሳብ ራስዎ ይስሩት። ደመወዝዎ በወር 4,500 ብር፣ አገልግሎትዎ 6 ዓመት ነው እንበል። የቀን ሂሳቡ 150 ብር ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 4,500 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ 1,500 ብር፤ በአምስት ሲባዛ 7,500። ድምር 12,000 ብር። ስንብቱ የሰራተኛ ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን፣ ማለትም 9,000 ብር ይጨመርና 21,000 ይደርሳል። የስንብት ክፍያው ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም።

ማስጠንቀቂያው ለብቻው ነው። ለቅነሳ 2 ወር ነው። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ውሉ ከተቋረጠ ክፍያው በ7 የስራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት።

ወረቀትዎን ይሰብስቡ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎች፣ ፔይሮል ወይም የባንክ ስቴትመንት፣ የስራ ልምድ። መታወቂያ ባጅዎን ከመመለስዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። ጡረታም ይጣራ፦ ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሰሪው 11 በመቶ ነው። ከደመወዝዎ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ ወር ካለ፣ ለመጠየቅ ጊዜው አሁን ነው።

የኤጀንሲውን ውል ሲያዩ "60 የስራ ቀን የሙከራ ጊዜ" የሚል ይፈልጉ። ካለ፣ እንደ አዲስ ሰው ተቆጥረዋል። ስራ ላይ ቢጎዱ ማን እንደሚያሳክምዎትም ይጠይቁ። አደጋው የሚደርሰው ፋብሪካው ውስጥ ነው፤ አሰሪዎ ግን ኤጀንሲው ሆኗል።

ካልተስማማችሁ የሰራተኛ ማህበር ካለ በማህበሩ በኩል፣ ከሌለ ተሰባስባችሁ በጽሁፍ አመልክቱ። ከዚያ የከተማው የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ ክፍል አለ። ሽምግልና እኛ ወሎዎች እንወዳለን፣ መልካም ነው፤ ግን ቀን ይበላል። ወደ ስራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር። ሽማግሌዎቹ እየሄዱም ቢሆን ማመልከቻውን ያስገቡ። ሰራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።