ሆኪ ለሚወድ ቤተሰብ፦ በአዲስ አበባ መሀል ዱላውን፣ ጌሙንና ስክሪኑን አስማምቶ መያዝ

በአዲስ አበባ ሆኪን የሚወድ ልጅ ብዙውን ጊዜ ስፖርቱን የሚተዋወቀው በስክሪን ነው። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ በስልክ የላከው ቅንጭብ፣ ጌም ቤት ውስጥ ያገኘው ዲስክ ወይም በክረምት ኦሎምፒክ ሰሞን ያየው ግጥሚያ ፍቅሩን ይጭርበታል፤ ከዚያ በኋላ ግን የበረዶ ሜዳ እንደሌለ ያስብና እዚያው ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ይህ መመሪያ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባለው የከተማዋ መሀል ለሚኖሩ ወላጆችና ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዋናው ምክሩ ቅደም ተከተልን የሚመለከት ነው፤ ልጁ መጀመሪያ ዱላ ይያዝ፣ ጌሙና የግጥሚያው ስርጭት ከዚያ በኋላ ይምጡ። ኳስ በዱላ እየገፋ የሮጠ ልጅ የሚያየውን ግጥሚያ ይረዳዋል፣ ጌሙንም ሲጫወት ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል።

በዚህ ረገድ እኛ ከባዶ አንነሣም። የገና ጨዋታ የጎበጠ ዱላ፣ ጥንግ ወይም ሩር የሚባል ትንሽ ኳስ፣ ሁለት ተፋላሚ ቡድኖችና ሰፊ ሜዳ ያለው፣ እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ ተጫወቱት እየተባለ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ የራሳችን ሆኪ ነው። በቤት ውስጥ የበረዶ ሜዳ ላይ ተደራጅቶ የተካሄደው የመጀመሪያው የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ በሞንትሪያል በእ.ኤ.አ. 1875 መደረጉን፣ የሰሜን አሜሪካው ሊግ ኤንኤችኤል ደግሞ በ1917 መመሥረቱን ለልጁ ሲነግሩት፣ አያቱ በልጅነታቸው ታኅሣሥ 29 ቀን ምን ይጫወቱ እንደነበር አብሮ እንዲጠይቃቸው ያድርጉ። ከዚያ ጥያቄ የሚወጣው ወሬ ከማንኛውም የማስተማሪያ ቪዲዮ ይልቅ ዱላ ያስነሣል።

ለዱላው የሚፈለገው ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት ነው። ወይራ ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ለሕፃን እጅ ስለሚከብድ፣ ለጀማሪ ቀለል ያለ እንጨት መምረጥ ይሻላል። ልጁን በጫማው አቁመው ዱላውን ከፊቱ ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት የላይኛው ጫፍ ከአገጩ እስከ አፍንጫው ባለው መካከል ቢደርስ ልኩ ነው፤ ከዚህ ካጠረ ልጁ ወገቡን አጉብጦ መሬት መሬት ያያል፣ ከረዘመ ደግሞ የላይኛው እጁ ከሆዱ ጋር እየተጋጨ ያስቸግረዋል። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ደኅና አድርገው ካለሰለሱት በኋላ የጎበጠውን ክፍል ከጫፉ ጀምረው በጨርቅ ፕላስተር ይጠቅልሉት፤ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ዙር በግማሽ መሸፈን አለበት። ላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ፕላስተሩን ደጋግመው በመጠቅለል ትንሽ እብጠት ይፍጠሩ፤ እጁ ያላበው ልጅ ዱላውን ሲያወዛውዝ ሳያስበው እንዳያመልጠው የሚያደርገው ይህ እብጠት ነው።

ኳሱን በተመለከተ የሰፈር ልጆች ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ አፉን ጠምዝዞ፣ የተረፈውን የካልሲ ክፍል መልሶ ማልበስና ኳሱ የትልቅ ሰው ጡጫ እስኪያክል ድረስ መደጋገም፣ በመጨረሻም በፕላስተር ማጥበቅ ነው። የካልሲ ኳስ ለሆኪ ልምምድ ከቴኒስ ኳስ ይልቃል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቴኒስ ኳስ ሲሚንቶ ላይ እየነጠረ ሲያስቸግር የካልሲው ኳስ መሬት ይዞ ይንሸራተታል፣ ፊት ቢመታም አያቆስልም። በበረዶ ሆኪ ላይ በኳስ ፋንታ የምናየው ፓክ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ፣ ስፋቱ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም የሆነ ነገር ስለሆነ መከላከያ ለሌለው ልጅ ፈጽሞ አይሆንም። ከእንጨት የተጠረበውም ጥንግ እንደዚሁ ለአዋቂዎችና ለሰፊ ሜዳ ይቆይ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎትና "ምን ላምጣ" ብሎ ከጠየቀ፣ የበረዶ ሆኪ ዕቃ ከማስጫን ይልቅ የፍሎርቦል ዱላዎችና ኳሶች ቢጠይቁት ይጠቅማል። ፍሎርቦል በስዊድንና በፊንላንድ የተስፋፋ፣ በአዳራሽ ወለል ላይ የሚካሄድ የሆኪ ዘመድ ነው። ዱላው ፕላስቲክና ቀላል፣ ኳሱ 26 ቀዳዳዎች ያሉትና 23 ግራም ብቻ የሚመዝን ነው። የጨዋታው ሜዳ 40 በ20 ሜትር ስለሆነ ከእጅ ኳስ ሜዳ ልክ ጋር አንድ ነው፤ የእጅ ኳስ ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ የፍሎርቦል ሜዳ አለው ማለት ነው።

ቦታ ማግኘት በከተማዋ መሀል ከሁሉም ይከብዳል። በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዓይን ቢማርኩም ዱላ ለሚያወዛውዙ ልጆች የተዘጋጁ ስላልሆኑ፣ አላፊ አግዳሚውን ማስጨነቅም ልጆቹን ለአደጋ ማጋለጥም ይሆናል። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የወረዳ ወጣት ማዕከል ወይም የኮንዶሚኒየም ግቢ ይሻላል፤ ርእሰ መምህሩን ወይም የማዕከሉን ኃላፊ በአካል ቀርበው፣ ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ማን እንደሚቆጣጠር ገልጸው ይጠይቁ። ጃን ሜዳ ለትልልቅ ልጆችና ለገና ሰሞን ተስማሚ ቢሆንም፣ በጥምቀት ሰሞን ታቦታቱ የሚያድሩበት ስለሆነና በሌላም ጊዜ ዝግጅት ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ የሣር ሜዳ ጭቃ ስለሚሆን በእነዚያ ወራት ሲሚንቶ ወለል ወይም ጣሪያ ያለው ቦታ ይፈልጉ።

የመጀመሪያው ልምምድ ሳይጀመር ለእያንዳንዱ ልጅ እጀታው ረጅም የሆነ መጥረጊያ ሰጥተው ወለል እንዲጠርግ ያድርጉት። ሳያስበው ከታች ያደረገው እጅ ዱላውንም ሲይዝ ከታች የሚሆነው ነው፤ በቀኝ የሚጽፍ ልጅ ቀኝ እጁን ላይ ቢያደርግ አያርሙት። ዱላውን የሚያዞረው የላይኛው እጅ ሲሆን የታችኛው ላላ ብሎ መመሪያ ብቻ ይሰጣል፤ ጀማሪዎች ሁለቱንም አጥብቀው ስለሚይዙ ኳሱ ይሸሻቸዋል። ቀጥሎ ልጁ ቆሞ ኳሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያመላለሰ ቀና ብሎ እንዲያይ ማድረግ ነው። እርስዎ ፊት ለፊቱ ቆመው ጣቶችዎን ያሳዩት፣ እሱም ቁጥሩን ይጥራ፤ ቁጥሩን እየተናገረ ኳሱ ከዱላው ካልተለየ ለጨዋታ ደርሷል። ኳስ ሲቀበል ዱላውን ወደ ኋላ ትንሽ እንዲስብ ያስተምሩት፤ ዱላው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከጠበቀው ኳሱ ተመልሶ ይሄዳል።

ከዚያ ጨዋታው ይጀመር። ሜዳውን በስፋቱ ሦስት ቦታ ከፍለው በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ለሦስት ያጫውቱ፤ በአሜሪካም ሆነ በካናዳ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚጫወቱት በሙሉ ሜዳ ሳይሆን በተከፈለ ሜዳ ነው፣ ምክንያቱም በጠባብ ቦታ እያንዳንዱ ልጅ ኳሱን ደጋግሞ ያገኛል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ተራርቆ የተቀመጠበት ትንሽ ጎል ይሁን፣ በረኛም አይኑር። በትልልቆቹ ሊግ አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ሲሆን በሙሉ ኃይሉ ተጫውቶ ይወጣል፤ እርስዎም በየ45 ሴኮንዱ አጨብጭበው ቢቀያይሯቸው ዳር ቆሞ የሚያዝን ልጅ አይኖርም።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለው አባባል ለአዋቂዎች የቆየ ፈቃድ ነው፤ የልጆች ጨዋታ ግን ጥብቅ ደንብ ይፈልጋል። ዱላ ከጉልበት በላይ ከተነሣ ኳሱ ለተቃራኒው ቡድን ይሰጥ፤ በሰውነት መግጨትም ጨርሶ ይከልከል። ይህን ጥንቃቄ የበዛበት የሚመስለው ወላጅ ካለ፣ የአሜሪካ ሆኪ ማኅበር በእ.ኤ.አ. 2011፣ የካናዳው ደግሞ በ2013 በ11 እና በ12 ዓመት ልጆች ግጥሚያ ላይ በሰውነት መግጨትን ለጭንቅላት ጉዳት በመስጋት ማስቀረታቸውን ይንገሩት። የብስክሌት ሄልሜትና የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚያደርጉት የቅልጥም መከላከያ ለጅምሩ ይበቃሉ።

ባለ ጎማ ጫማ ያላቸው ወጣቶች በመስቀል አደባባይ ሲንሸራተቱ ያየ ልጅ ያንን ጫማ መጠየቁ አይቀርም። ይግዙለት፣ ነገር ግን ዱላና ባለ ጎማ ጫማ በአንድ ቀን አይጀመሩ። መቆምን፣ በጉልበት መከላከያ ላይ መውደቅንና ተረከዝ ላይ ባለው ፍሬን ፍጥነቱን መግታትን ከተማረ በኋላ ብቻ ዱላ ይጨመር።

አሁን ወደ ጌሙ እንምጣ። የኤንኤችኤል ስም ያለው የኢኤ ስፖርትስ ጌም በየዓመቱ ቢወጣም በኮምፒውተር መውጣት ያቆመው ከኤንኤችኤል 09 በኋላ ስለሆነ፣ ላፕቶፕ ላይ አዲሱን አጫውታለሁ የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ይለፉት። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ኤንኤችኤል 24 ሲሆን፣ ኤንኤችኤል 25 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ኤክስቦክስ ሲሪስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቤት ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ ኤንኤችኤል 24ን ወይም ከእሱ በፊት የነበረውን በዲስክ መፈለግ ያዋጣል፤ የፕሌይስቴሽን 4 ጌም ዲስክ ከየትኛውም አገር ቢመጣ ይሠራል፣ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ለመጫወትም ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም።

ያገለገለ መጫወቻ ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያስከፍቱት። ማራገቢያው እየጮኸ ከሄደ፣ ዲስኩን ለማንበብ ከተቸገረ ወይም የመቆጣጠሪያው ማንቀሳቀሻ ዘንግ ሳይነካ ተጫዋቹ በራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይተዉት። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የኃይል መቀበያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፣ እስከ 127 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ልማድ ይሁን፤ ስታቢላይዘር ካለ መልካም ነው።

ጌሙን ለጀማሪ ሲከፍቱ በማስተካከያው ውስጥ ኤንኤችኤል 94 የሚባለውን የአጨዋወት ዘዴ ይምረጡ፤ ማቀበያና መምቻ ብቻ ስላለው ፊፋ የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ይለምደዋል። ኦፍሳይድንና አይሲንግን መጀመሪያ ያጥፏቸው፣ ልጁ ጨዋታውን ከለመደ በኋላ አንድ በአንድ ይክፈቷቸው። የሆኪ ኦፍሳይድ ከእግር ኳሱ የሚለየው በሰማያዊው መስመር ነው፤ አጥቂ ተጫዋች ከፓኩ ቀድሞ ያንን መስመር ካለፈ ጨዋታው ይቆማል። አይሲንግ ደግሞ ከመሀሉ ቀይ መስመር ወዲህ ሆኖ የተመታ ፓክ ማንም ሳይነካው የተቃራኒውን የጎል መስመር ሲያልፍ ነው።

ግጥሚያ ለማየት የሰዓቱን ነገር አስቀድሞ ማስላት ይገባል። የኤንኤችኤል ውድድር ከጥቅምት መግቢያ አካባቢ እስከ ሰኔ ይዘልቃል፤ በኒው ዮርክ ወይም በቶሮንቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ከሚያዞሩበት ከመጋቢት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ለተማሪ ሁለቱም አይሆኑም። በቅዳሜና እሑድ ግን እዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጀምሩ ጨዋታዎች ስላሉ፣ እነሱ በእኛ ከምሽቱ 3 ወይም 2 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ መላው ቤተሰብ አብሮ ሊያይ የሚችለው እነዚህን ነው። በሌሎቹ ቀናት ሊጉ ራሱ በዩቲዩብ የሚያወጣውን አጭር ቅንጭብ ጠዋት ማየት ይበቃል፣ የስልክ ዳታም ይቆጥባል። በስልክ ስክሪን ላይ ፓኩን መከተል ስለሚያስቸግር ልጁ ዓይኑን ፓኩ ላይ ሳይሆን ፓኩን ያልያዙት ተጫዋቾች ወዴት እንደሚሮጡ ላይ እንዲያደርግ ይንገሩት።

ስልኩ ከማሳየት ባለፈ ለማስተማርም ያገለግላል። ልጁ ኳስ ሲመታ ከጎኑ ቆመው፣ ስልኩን በጉልበቱ ከፍታ ይዘው በዝግታ በሚቀርጸው ማስተካከያ ይቅረጹት፤ ክብደቱ ከኋላ እግሩ ወደ ፊት እግሩ መሄዱንና ዱላው ኳሱን ከመታ በኋላ ወደ ዒላማው መጠቆሙን አብራችሁ ተመልከቱ። የሌላ ሰው ልጅ በምስሉ ከገባ ግን ያለ ወላጁ ፈቃድ ወደ ቲክቶክም ሆነ ወደ ቴሌግራም አይለጠፍ፤ ይህን ከመጀመሪያው ልምምድ ቀን አንሥቶ ለልጆቹም ለወላጆቹም መንገር ያስፈልጋል።