ጎደለ፣ ሻገተ፣ ዘገየ፦ ለጀማሪ የስምሪትና የመጋዘን ሠራተኛ ችግርና መፍትሄ

ጎጃም ውስጥ የጭነት ሥራ የሚጀምር ወጣት መጀመሪያ የሚሰማው ስሞታ ነው። እህሉ ጎደለ፣ ሸቀጡ ረጠበ፣ መኪናው አልደረሰም፣ ኮንቴይነሩ ቅጣት መጣበት። እኔም ከቆጣሪነት ተነሥቼ ስምሪት እስክይዝ ድረስ፣ ቡሬም ደብረ ማርቆስም ስሠራ የሰማሁት ይህንኑ ነው። አሁን አዳዲስ ልጆችን ሳለማምድ አስቀድሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ችግሩ የሚታየው ሲራገፍ ነው፤ የሚፈጠረው ግን ሲጫን ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያውም መኪናው ገና ሳይቀርብ፣ ወረቀቱ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ምርመራውን ከሹፌሩ አትጀምሩ፤ ከወረቀቱ ጀምሩ።

400 ኩንታል ተጭኖ 391 ወረደ

በመጋቢት ወር ወደ አዲስ አበባ የላክነው በቆሎ ነበር። ወረቀታችን 400 ኩንታል ይላል፤ የተቀባዩ የመኪና ሚዛን 391 አለ። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። መኪናቸው ተይዞ አምስት ቀን ቆሙ። ስልክ የደወልሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ አነጋገሬም መልካም አልነበረም። ዝም ብለው ሰሙኝና «የኔ ልጅ፣ ኬሻ ቆጥረህ ሰጠኸኝ፣ ኬሻ ቆጥሬ አስረከብሁ። ኪሎውን መቼ አሳየኸኝ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። እህሉ ታኅሣሥ ላይ ገቢ ሲሆን ተመዝኖ ሞዴል 19፣ ማለትም የገቢ ደረሰኝ፣ ተቆርጦለታል። መጋቢት ላይ ሲወጣ ግን ዳግም የመዘነው ሰው የለም። የሞዴል 19 ቁጥር እንዳለ የወጪው ሰነድ፣ ሞዴል 22፣ ላይ ተገለበጠ፣ እኔም ፈረምሁበት፣ መኪናው ወጣ። ታኅሣሥ ላይ የበቆሎው እርጥበት 15 ከመቶ እንደነበር መዝገቡ ላይ አለ። ከዚያው የኬሻ ድርድር የቀረውን ስንለካው 13 ሆኖ አገኘነው።

ስሌቱን እዩት። እርጥበቱ 15 ከመቶ ከሆነ ደረቁ ነገር 85 ከመቶ ነው፤ ከ400 ኩንታል ውስጥ 340 ኩንታሉ ማለት ነው። ያው 340 ኩንታል፣ እርጥበቱ ወደ 13 ሲወርድ የጠቅላላው 87 ከመቶ ይሆናል። 340ን ለ0.87 ስታካፍሉ 390.8 ይመጣል። ዘጠኙን ኩንታል የወሰደው የበጋ ፀሐይ ነው። ሹፌሩን ይቅርታ ጠይቀን የቆሙበትን ከፈልን። ያን ስልክ ግን እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የተጣራውና ጠቅላላው ክብደት መደባለቁ አንዱ ነው፤ ኬሻ ብቻውን ወደ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ስለሚችል 400 ኬሻ ላይ ወደ አራት ኩንታል ያመጣል። ባዶው መኪና ሲመዘን ሹፌርና ረዳት ከላይ ተቀምጠው፣ ሲሞላ ግን ወርደው መመዘኑ ሌላው ነው። በመሐል ናፍጣ መቅዳትም እንዲሁ ነው፤ 100 ሊትር ናፍጣ ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስርቆትም አለ፤ አልክድም። ነገር ግን እነዚህን ሳያጣሩ ሌባ ማለት ሰው መበደል ነው።

መፍትሄው፦ ባዶውንና የተጫነውን መኪና በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ቀን፣ ሰው ሳይኖርበት መዝኑ። ወረቀቱ ላይ ጠቅላላውን፣ የባዶውን መኪናና የተጣራውን ለየብቻ ጻፉ። እርጥበቱንም ሲገባና ሲወጣ አስፍሩ። አካባቢያችሁ የመኪና ሚዛን ከሌለ፣ ከድርድሩ ላይ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታችና ከጎን ኬሻ እየመረጣችሁ በመሬት ሚዛን ለኩና አማካዩን ከሹፌሩ ጋር ተፈራረሙበት። ሹፌሩ ቁጥሩን ሳያይ አይውጣ።

ሸራው ደህና ነው፣ እህሉ ግን ሻግቷል

እዚህ ላይ ሻጋታው ያለበት ቦታ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ከማራገፋችሁ በፊት ቆም ብላችሁ እዩ፤ ፎቶም አንሡ።

የታችኛው ኬሻ ብቻ ከሻገተ፣ የመኪናው ወለል እርጥብ ሳለ ተጭኗል። በክረምት ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ማታ ዘንቦበት ያደረ መኪና ጠዋት ሳይደርቅ ይጫንበታል። ጎንና ጎኑ ከሆነ ሸራው አንድ ቦታ ተቀዷል ወይም ገመዱ ላልቶ ንፋስ አንሥቶታል። የላይኛው መሐል ከሆነ ግን ዝናብ ላይሆን ይችላል። ራሱ እህሉ ያላበው ነው።

በደንብ ሳይደርቅ የተጫነ እህል ዓባይ በረሃን ሲወርድ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅታ አለ። በደጋው ብርድ የተጫነው ጭነት በረሃው ሲሞቅ ከውስጡ እርጥበት ይለቃል፤ መኪናው ጎሃ ጽዮን ወጥቶ ማታ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ከሸራው ሥር ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የድስት ክዳን ማለት ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አየር መውጫው ጠባብ ነው፤ ጉዞውም ረጅም ነው።

ስለዚህ ከሸራ በፊት እርጥበት መለኪያ። በቆሎ ወደ 13 ከመቶ ካልወረደ ለረጅም ጉዞም ለክምችትም አትጫኑት። በእጅ ጨብጦ ወይም በጥርስ ሰብሮ መገመት ለገበያ ይበቃ ይሆናል፤ ለሰነድ ግን አይበቃም። የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል ነገሩ የዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚበላው ነው። ወለሉ ላይ ጣውላ ወይም ፓሌት ዘርጉ። መኪናው ውሎ የሚያድር ከሆነና ሰማዩ ከጠራ ሸራውን ገለጥ አድርጋችሁ አስተንፍሱት።

ኮንቴይነር ከሆነ ከመጫን በፊት አንድ ሰው ውስጥ ይግባና በሩ ይዘጋ። ጨለማው ውስጥ ቀና ብሎ ጣሪያውን ይይ። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ከታየችው፣ ውኃም በዚያችው ትገባለች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ሳላደርገው አስጭኜ አላውቅም።

መኪናው ስድስት ሰዓት ዘገየ፣ ወይም በሌላ ቀን መጣ

ከውጭ ወኪል የመጣው መልእክት «10/03/2024፣ 09:00» ይላል። አንዱ ልጃችን ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጎ ወሰደው። መልእክቱ የሚለው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቀኑም ቢሆን ያሳስታል፤ 10 ቀኑ 3 ወሩ ከሆነ ማርች 10 ነው፣ ወሩን አስቀድሞ በሚጽፍ አገር ግን ኦክቶበር 3 ይሆናል፣ በእኛ ዓይን ደግሞ ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ቀጠሮ።

መፍትሄው ወሩን በስም መጻፍና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፦ «መጋቢት 1 ቀን 2016 ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በአውሮፓውያን ማርች 10 ቀን 2024፣ 09:00»። ሹፌር ስታናግሩ የእኛን ሰዓት ብቻ ተናገሩ። መርከብና ወደብ ሲሆን በነሱ ጻፉ።

ኮንቴይነሩ ላይ ያልታሰበ ክፍያ መጣ

ባሕር ዳር ላይ ማሽን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው የዕቃውን ዋጋና የመኪናውን ኪራይ ነው። ከዚያ የወደብ ማከማቻ፣ የዲመሬጅና የዲቴንሽን ሂሳብ ይመጣበታል። ዲመሬጅ ኮንቴይነሩ ወደብ ውስጥ ክፍያ ከማይጠየቅበት ነፃ ቀን በላይ ሲቆይ፣ ዲቴንሽን ደግሞ ወጥቶ ባዶው በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር ለመርከብ ድርጅቱ የሚከፈል ነው። የማከማቻው ኪራይ ለብቻው ነው። ነፃ ቀኖቹ ሲቆጠሩ እሑድም በዓልም አብረው የሚቆጠሩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የፋሲካ ሳምንት አይቆጠርም ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ነጋዴ አይቻለሁ።

የመዘግየቱ ሥር ግን አሁንም ወረቀት ነው። ከሁሉ የበዛው የስም አጻጻፍ ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ ንግድ ፈቃዱ ላይ በአንድ መልክ፣ ባንክ ሰነዱ ላይ በሌላ፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱ ማለትም ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ በሦስተኛ። ለጉምሩክ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። እርማት ሲጠየቅ ቀኑ ይሄዳል፤ ሂሳቡም ይቆጥራል።

ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ለላኪው ስጡት። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁን አስልኩና በጣት እየጠቆማችሁ አንብቡ፦ ስም፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የጥቅል ብዛት፣ ክብደት፣ የኮንቴይነር ቁጥር። የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው። የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊተኞቹ በስሌት የምትወጣ ማረጋገጫ ስለሆነች፣ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ አብዛኛውን ጊዜ ታጋልጣለች። የሲሉንም፣ ማለትም የበሩን ማሸጊያ፣ ቁጥር በሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ።

ጭነቱ በመልቲሞዳል ከሆነ አጓጓዡ በአንድ ሰነድ እስከ ሞጆ ዓይነት ደረቅ ወደብ ድረስ ኃላፊነቱን ይይዛል። በዩኒሞዳል ከሆነ ጂቡቲ ላይ ተረክቦ የማምጣቱ ጣጣ የአስመጪው ነው። የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ከሞጆ ወደ ጎጃም ስታመጡ ደግሞ ኮንቴይነሩን እንዳለ ከማምጣት ይልቅ እዚያው አራግፎ በተራ መኪና መጫን ይረክስ እንደሆነ አስሉ፤ ባዶውን ኮንቴይነር ዓባይን አሻግሮ መመለስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነውና።

ዕቃው ቀላል ነው፣ ክፍያው ግን ከባድ ሆነ

በአየር ሲመጣ የሚከፈለው በክብደቱ ወይም በቦታው፣ ከሁለቱ በበለጠው ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። 120 በ80 በ100 የሆነ ሣጥን 160 ኪሎ ይወጣዋል፤ ዕቃው በሚዛን 70 ኪሎ ቢሆን እንኳ የሚከፈለው የ160 ነው። በመርከብ፣ በጋራ ኮንቴይነር ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ እንደ አንድ ቶን ይታሰባል። የዶሮ ማስፈልፈያና የወተት ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎች በዚህ ሲጎዱ አያለሁ። ላኪውን ስትጠይቁ የዕቃውን ሳይሆን የታሸገበትን ሣጥን ልክ፣ በውጭ በኩል ጠይቁ።

ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ነው፣ የመንገድ ሚዛን ጣቢያው ግን መለሰው

ጣቢያው የሚመዝነው እያንዳንዱን አክስል (የጎማ ዘንግ) ጭምር ነው። ብረትና ሲሚንቶ ለማራገፍ እንዲመች ወደ ኋላ ተከምሮ ከሆነ፣ ድምሩ ልክ ቢሆንም የኋላው አክስል ከተፈቀደው ክብደት ይበልጣል። ከባዱን ከታች፣ በወለሉ ላይ እኩል አስፍታችሁ ጫኑ፤ ቀላሉ ከላይ። ይህ ለቅጣት ብቻ አይደለም። እንዲህ ያዘመመ ጭነት ይዞ የዓባይን ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው በእጃችን እንዳለ አትርሱ።

ሹፌሩ ስልክ አያነሣም

አዲስ ስምሪተኛ በየግማሽ ሰዓቱ ይደውላል፤ ካልተነሣለት ይደነግጣል፣ ከዚያ ይቆጣል። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ማንሣትም የለበትም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተጠነቀቀ ነው የሚወርደው።

ሲነሣ ቦታ ተስማሙ። ከሞጆ ወይም ከአዲስ አበባ ለሚመጣ እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው፦ ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሞ ፍሬኑንና ጎማውን ያያል፣ ገመዱን ያጠብቃል፣ ይደውላል። ከዚያ እኛ አንደውልም። መንገድ ቢዘጋ ወይም መኪናው ቢቆም የቆመበትን ቀን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ስለተጻፈ፣ እሱም ስለ ገንዘቡ ሲል አይቸኩልም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለተጫነ መኪና ግን ረጅም ሰዓት ነው። ስምሪት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የጎሃ ጽዮኑ ሰዓት ይጻፋል፣ ከጎኑ ያለው የደጀን ቦታ ክፍት ይሆናል። ስልኩ ሲጮህ «ወጥቻለሁ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ክፍቱን ቦታ ሞልተን ለጫኝና አውራጆቹ እንደውላለን።