ለቅሶ ቤት የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ከመርዶ እስከ ሙት ዓመት

የጅማ ሰው ለቅሶ መድረስ ያውቃል። ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ የከተማችን መርካቶ ነጋዴ ሱቁን ለልጁ ትቶ ይወጣል፤ ከሂርማታም ከኮቺም ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ እድር የታቀፉ ስለሆኑ ድንኳኑን አብረው ይተክላሉ፣ አግዳሚውንም አብረው ይደረድራሉ። በዚህ የሚያማን ያለ አይመስለኝም።

በእድር ጸሐፊነት ስሠራ ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ከቀብር የቀረ አባል ስሙ ይመዘገባል፣ ይቀጣልም። በሦስተኛው ወር ከሐዘንተኛው ደጅ የቀረ ሰው ግን የሚመዘገብበት ደብተር የለም። ስህተቶቻችን ከክፋት የሚመጡ አይደሉም፤ አብዛኞቹን የሚወልዳቸው ጥድፊያ ነው። ሐዘንተኛው ቶሎ እንዲሰማ፣ ቶሎ ዝም እንዲል፣ ቶሎ እንዲደግስ፣ ቶሎ እንዲወርስ፣ ቶሎ እንዲረሳ እንፈልጋለን።

መርዶን ለስልክ መተው

አባቶቻችን መርዶ የሚያረዱት ማለዳ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰውየው ገና ከቤቱ አልወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው አብሮት ይውላል፣ ሲመሽም ብቻውን አያድርም። የሚሄዱትም የሚከበሩ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይደግፋሉ። ዛሬ ደግሞ የሟቹ እህት ሳትሰማ ፎቶግራፉ ከሻማ ሥዕል ጋር ፌስቡክ ላይ ይወጣል። «ነፍስ ይማር» ብሎ የለጠፈው ሰው ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት በሙሉ መስማታቸው ሳይረጋገጥ አንድም ፎቶግራፍ መውጣት የለበትም። ይህን ለወጣቶቹ በግልጽ የሚናገር አንድ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ከቤተሰቡ ይመደብ።

አዲስ አበባ ለሚኖር ልጅ «አባትህ ትንሽ አሞታልና ቶሎ ድረስ» ብሎ መደወልም የተለመደ ነው። ልጁ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ እየጠረጠረ ይነዳል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ደውሎ ያረጋግጥለታል። እዚያው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሂዶ ፊት ለፊት ይንገረው፣ መሪውንም ሌላ ሰው ይያዝ። ሳዑዲ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ለምትሠራ እህት ደግሞ በአቅራቢያዋ ያለች የአገሯ ልጅ ቀድማ ትፈለግ። እሳት ላይ ድስት ጥዳ፣ አሠሪዋ ፊት ቆማ መስማት የለባትም።

«ፈተናውን እስኪጨርስ»፣ «እስክትወልድ» እየተባለ መርዶ ለወራት መደበቁን አልቀበለውም። ለሰዓታት ማቆየት ጥንቃቄ ነው፤ ለወራት መደበቅ ግን ሰውየውን ከወገኑ ጋር ከማልቀስ መከልከል ነው። ኋላ ሲሰማ የሚያለቅሰው ብቻውን ነው፤ ሌላው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የሚከታተላትን ሐኪም አማክሮ፣ እናቷ ወይም እህቷ አጠገቧ ተቀምጠው መንገር ይቻላል።

«አይዞሽ፣ በቃ፣ አታልቅሽ»

ሐዘንተኛዋ ድምጿን ከፍ ስታደርግ አሥር እጅ ይይዛታል። ፊቷን እንዳትቧጭር፣ ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል መያዝ ተገቢ ነው። እንባዋን ማስቆም ግን የማንም ሥራ አይደለም። በወንዶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው እንግዳ ሲቀበል፣ ስኳርና ቡና ሲያስቆጥር ውሎ ያመሻል፤ «ጎበዝ፣ ጠንክሯል» ይባልለታል። ጠንክሮ አይደለም፤ ፋታ አላገኘም።

ሃይማኖትን ለዝምታ ማስገደጃ የሚያደርጉም አሉ። ክርስቶስ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን እንዳፈሰሰ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ተጽፏል። ነቢዩ ሙሐመድም ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ማንባታቸውና ዓይን ታነባለች፣ ልብም ታዝናለች ማለታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እስልምና የሚከለክለው ዋይታውንና ልብስ መቅደዱን ነው፤ እንባን አይደለም።

የድሮዎቹ አልቃሾች በሙሿቸው የሟቹን ስም፣ ዘር፣ ሙያና ደግነት እየጠሩ ድንኳኑን በሙሉ ያስለቅሱ ነበር። ዛሬ እንደ ኋላ ቀርነት ሲታዩ ያሳዝነኛል፤ የሺህ ሰው «አይዞሽ» የማይሠራውን አንድ ግጥማቸው ይሠራ ነበርና። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ጊዜ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች «በወጉ አላለቀስንለትም» ሲሉ እስከ ዛሬ እሰማለሁ። የጎደለባቸው ምን እንደሆነ በትክክል ያውቁታል።

«ምን አግኝቶት ነው?»

ከሞቱ አሟሟቱ እንዲሉ፣ የገባ ለቀስተኛ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ሚስት ያንኑ ታሪክ ከጠዋት እስከ ማታ ትደግመዋለች። ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፦ «አዲስ አበባ ብትወስዱት ኖሮ»፣ «ያን መርፌ ባይወጋ ኖሮ»። ተናጋሪው ከድንኳኑ ሲወጣ ይረሳዋል፤ ሐዘንተኛዋ ግን ሌሊት ሌሊት ታመላልሰዋለች። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ ለሚገባው ሁሉ በአጭሩ ይንገር፤ ውስጥ ለተቀመጡት ጥያቄው አይድረስ። ራሱን ያጠፋ ሰው ቤት ከሆነ ወይም ቤተሰቡ የበሽታውን ስም ካልተናገረ ጥያቄው ጨርሶ አይነሣ።

«ለበጎ ነው»

አማኝ ይህን ለራሱ ሊለው ይችላል። ለሌላ ሰው ሲባል ግን ሌላ ነገር ይሆናል። «እሱስ ዐረፈ»፣ «ሌሎቹን ልጆች ያኑርልሽ»፣ «የእኔ ሐዘን እኮ ከዚህ ይብስ ነበር» የሚሉትም ያው ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ፅንስ ለወረደባት ወይም ሞቶ ለተወለደባት እናት «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ማለት ነው። ለእሷ በአብዛኛው ድንኳን አይተከልም፣ ጡሩምባም አይነፋም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የሞተው ልጅ በሌላ ልጅ እንደሚተካ ይነገራታል።

ማለት የሚገባንን ቀድመውን የነበሩት አስተካክለው አስቀምጠውልናል፦ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ»። ሁሉም አጭር ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስኬዳል። አንድ ነገር መጨመር ከተፈለገ ስለ ሟቹ እውነተኛ ትዝታ ይሁን፦ «አባትሽ በቡና ሚዛን ማንንም አታልለው አያውቁም»። የሟቹን ስም ከጠራን ሐዘንተኛው የሚያገረሽበት ይመስለናል። ስሙን ሰው ሁሉ ሲሸሸው ግን ይበልጥ ይከፋዋል።

ሁሉንም በራስ ልማድ መለካት

በጅማ ይህ ስህተት በየቀኑ ሊሠራ ይችላል። የሙስሊም ቀብር ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይፈጸማል፤ «ልጁ ሳይደርስ ምን አስቸኮላችሁ?» ማለት ቤተሰቡን ያስቀይማል። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ነፍሰ ጡር ካልሆነች ኢዳዋ፣ ማለትም ከባሏ ሞት በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ወደ ሠርግ መጋበዝ ወይም «ቤት ውስጥ ታፍነሽ» ማለት አያስፈልግም። ገበያዋን ገዝቶ ማድረስ ይሻላታል። ፕሮቴስታንቱ ሠልስትና አርባ ካላወጣ «ሟቹን ረሱት» አይባል። እዝን ሲወሰድም የተቀላቀለ ሰው ያለበት ቤት ሥጋ ይቅር፤ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮና ምስር ሁሉም ይበላዋል።

ልጆችን ማሸሽ

ጎረቤት ቤት ይላካሉ፤ «አባባ ሩቅ አገር ሄዷል» ይባላሉ። ልጁ ይጠብቃል፤ ሳይመጣ ሲቀር የተተወ ይመስለዋል። «ተኝቷል» የተባለው ደግሞ መተኛት ይፈራል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሞተ እንደማይመለስ ገና በደንብ ስለማይገባው ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ በየጊዜው ያንኑ መልስ በትዕግሥት መስጠት ነው። «ሞተ፣ አይመለስም፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፣ እኔ አለሁ» ይበቃል። ከፍ ያለው ልጅ ቀብር ልሂድ ካለ እጁን የሚይዝ አንድ ሰው ተመድቦለት ይሂድ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ትከሻ እየመቱ «ከእንግዲህ አባወራው አንተ ነህ» የሚሉ ሰዎች ግን ከድንኳኑ ቢወጡ ደስ ይለኛል።

ተዝካር በብድር

ሞቱ በክረምት ከሆነ አርባው የሚውለው ቡናው ሳይቀላ፣ እጅ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። በጎማም በሊሙም ገበሬው ዛፍ ላይ ያለውን ቡና በርካሽ አስቀድሞ ሸጦ ይደግሳል፤ ለቀማው ሲደርስ የሚለቅመው የነጋዴውን ቡና ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ጸሎትና ለድሃ መመጽወትን እንጂ የሰንጋ ብዛትን አይደለም፤ ሰደቃም እንዲሁ በአቅም ነው። ከድግስ ወጥተን ወጡን ማማታችን ቢቀር ግማሹ ብድር ይቀር ነበር።

በማይቸኩለው መቸኮል፣ በሚቸኩለው መዘግየት

የሟቹን ጋቢ ሳይጠይቁ አጥቦ ለሰው መስጠት፣ በሠልስቱ ማግሥት ስለ ቤት ሽያጭ ማንሣት፣ መበለቲቱን «ወደ ወላጆችሽ ተመለሺ» ማለት፦ እነዚህ ሁሉ መቆየት ይችላሉ። የማይቆየው ወረቀቱ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ሊመዘገብ ይገባል። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ ሙስሊም ቤተሰቦች ሁሉም ወገን ከተስማማ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መጨረስ ይችላሉ። የባንክ ሒሳብና የጡረታ መብት ያለ እነዚህ ሰነዶች አይንቀሳቀሱም። ፎቶ ኮፒውን አንሥቶ፣ ተራ ይዞ፣ ቀበሌ ድረስ አብሮ የሚሄድ ሰው አሥር ጊዜ «አይዞሽ» ካለው ይበልጣል።

«የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውዪ»

አትደውልም። ምን እንደሚያስፈልጋት እንኳ ለይታ አታውቅም፤ ብታውቅም ታፍራለች። ስለዚህ ሥራው በስሙ ይጠራ፦ «ቅዳሜ ጤፍሽን አስፈጭቼ አመጣለሁ»፣ «ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ»። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ብቻዋን እንዳትጠጣ ብቅ ማለትም ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፋሲካ ወይም ዒድ ላይ ደግሞ በጉን የሚገዛውና የሚያርደው ማን እንደሆነ ከሳምንት በፊት ይታሰብበት። ሚስቱ የሞተችበትን ወንድ «ይችለዋል» ብለን እንተወዋለን፤ ብዙዎቹ ግን ምሳ እንኳ በወጉ አይበሉም።

እድሮች በስብሰባቸው ሊወያዩበት ይገባል የምለውም እዚህ ላይ ነው። ሐዘን በገባበት ቤት ሁለት አባላት ተመድበው በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ይጠይቁ፤ የቀረም ከቀብር እንደቀረ ይቀጣ። ወጪ የለበትም።

እንቅልፍ በኪኒን፣ ሐዘን በጫት

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከጎረቤት የተገኘ ዳያዚፓም የሚባለው የማረጋጊያ ኪኒን ሱስ ያስይዛል፤ ከመጠጥ ጋር ሲሆን ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ጫት ሌሊቱን ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። ለወጣት ሐዘንተኛ «ይረሳዋል» ብሎ ማቅረብ ወዳጅነት አይደለም።

«እስካሁን አልወጣልሽም?»

ሐዘን አምስት ደረጃ አለው፣ በተራ ይታለፋል የሚለው አባባል ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ የተባለችው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው ግን ሞታቸው ከተቃረበ ሕሙማን ጋር ተነጋግራ ነበር፤ ስለ ሐዘንተኞች አልነበረም። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያስረዱት ለምናየው ይቀርባል፦ ሐዘንተኛ አንዴ ወደ ሐዘኑ፣ አንዴ ወደ ኑሮው እየተመላለሰ ነው የሚጸናው። ስለዚህ ከል የለበሰች ሴት ስትስቅ ታይታ «ረሳችው» ማለትም፣ በዓመቱ ስታለቅስ «እስካሁን?» ማለትም ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ከዚህ የሚለይ ሐዘን ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተካቷል፤ ቢያንስ ስድስት ወር የዘለቀ፣ ከማኅበረሰቡ ልማድም ያለፈና ዕለታዊ ኑሮን ያሰናከለ ሲሆን ነው። ሐዘንተኛው ሥራ ከተወ፣ መታጠብና መብላት ካቆመ፣ ሰው ጨርሶ ከሸሸ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሕክምናው ጸበሉንም ዱዓውንም አያስቀርም፤ መድኃኒቱንም ለጸበል ብሎ ማቋረጥ አይገባም። «እሱን ልከተለው»፣ «ለምን እኖራለሁ» የሚል ንግግር ከተሰማ ግን ስድስት ወር አይጠበቅም። ሰውየው ብቻውን አይተው፣ በቤቱ ያለ የተባይ መርዝና ኪኒን ይራቅ፣ በዚያኑ ቀን አብሮት የሚሄድ ሰው ተፈልጎ ሐኪም ቤት ይድረስ።