የታሚል ፊልም ከሌባ እጅ ሳትቀበሉ ለማየት

በደቡብ ሕንድ በታሚል ቋንቋ የሚሠራው የታሚል ፊልም ወዳጅ ከሆናችሁ፣ አዲስ ፊልም በወጣ ቀን ቴሌግራም ላይ የተሰረቀ ኮፒው ሊንክ ሲዘዋወር አይታችኋል። አትክፈቱት።

የታሚል ፊልም ማዕከል በሆነችው ቼናይ ከተማ ያለ ፕሮዲዩሰር ብዙ ጊዜ የሚሠራው በወለድ በተበደረው ብር ነው። ከሲኒማ ቤት የሚያገኘው ገቢ ደግሞ በአብዛኛው የሚሰበሰበው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ የተሰረቀው ኮፒም የሚለቀቀው ልክ በእነዚያው ቀናት ነው። ትልቅ ኮከብ ያለበት ፊልም አድናቂው ተሰልፎ ስለሚገባለት ይተርፍ ይሆናል። አዲስ ዳይሬክተር የሠራው፣ ሰው ለሰው እየነገረው ቀስ በቀስ ተመልካች የሚያገኘው ትንሽ ፊልም ግን ያን ጊዜ አያገኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ኮፒውን መለየት ቀላል ነው። ምስሉ ካዘነበለ፣ ፉጨትና ጭብጨባ ከተሰማ፣ ከፊት የሰው ጭንቅላት ካለፈ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተደብቀው የቀረጹት ነው። ጥርት ያለ መሆኑም አያታላችሁ፣ ከስትሪሚንግ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ገና ሲኒማ ቤት እያለ በነፃ የሚያድላችሁ ሰው ፈቃድ የለውም፣ አለቀ።

ታዲያ የት ይታያል? አቅራቢያችሁ ያለ ሲኒማ ቤት ካሳየው እዚያ። ካልሆነ ትንሽ ታገሡ፤ ብዙዎቹ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ኔትፍሊክስ፣ ፕራይም ቪዲዮ ወይም ሰን ኔክስት የተባለው የደቡብ ሕንድ ፊልሞች ስትሪሚንግ ላይ ይገባሉ። የትኛው እንደገዛው ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ፖስተር ወይም መጀመሪያ ላይ ከሚያልፈው ጽሑፍ ይታወቃል። መብቱ በየአገሩ ስለሚለያይ ከመክፈላችሁ በፊት እናንተ ጋ መኖሩን አረጋግጡ። የቆዩ ፊልሞችን ደግሞ ባለመብቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ጭነዋቸዋል፣ የቻናሉን ስም ማየት ብቻ ነው።

«የሕንድ መንግሥት የተሰረቀ ፊልም የሚለቁትን ሳይቶች ለምን አይዘጋም?» የሚል አለ። ይዘጋል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2018 «2.0» የተባለው የታሚል ፊልም ሊወጣ ሲል ቼናይ ያለው የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከ12,000 በላይ ድረ ገጾች እንዲዘጉ አዘዘ፤ ፊልሙ ግን በወጣበት ቀን ሾልኮ ወጣ። እንደ ቀድሞው ታሚልሮከርስ ያሉ ሳይቶች ሲዘጉ አድራሻቸውን እየቀያየሩ ይመለሳሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሻሻለችው ሕግ ሲኒማ ቤት ገብቶ የቀረጸ ሰው ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ይታሰራል፤ ቅጣቱም ከ300,000 ሩፒ ተነስቶ እስከ ፊልሙ ወጪ 5 በመቶ ይደርሳል።

የተሰረቀ ኮፒ ካገኛችሁ ተናዳችሁም ቢሆን ሊንኩን በአደባባይ አትለጥፉት። «ጉድ እዩ፣ ወጣ!» ብላችሁ ስታጋሩት ማስታወቂያ እየሠራችሁለት ነው። ይልቅ የቻናሉን ስም ስክሪንሾት አንሱና ከሊንኩ ጋር ለፊልሙ ኩባንያ በግል ላኩ፤ ብዙዎቹ ፊልሙ በወጣ ሰሞን ለዚሁ ብለው የኢሜይል አድራሻ ያወጣሉ። ለሲኒማ ቤቶች የሚላከው ኮፒ በዓይን የማይታይ ምልክት ስላለበት፣ ቅጂው እጃቸው ከገባ በየትኛው ሲኒማ ቤት፣ በስንት ሰዓት እንደተቀረጸ ሊደርሱበት ይችላሉ። ስለዚህ ቶሎ ላኩ፣ ቻናሉ ሳይሰረዝ።